ግንብ መምሰልና ግንብ መሆን

ጎንደር ላይ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፋሲል ግንብ ነው። ብሎኬቱ ይደረደራል፣ አርማታው ይሞላል፤ መጨረሻ ላይ ጥግ ጥጉ ላይ ክብ ማማ፣ ጫፉ ላይ ጥርስ ጥርስ ይደረግለትና «የጎንደር መልክ ያዘ» ይባላል። እውነት ይዟል? እኔ ሐኪም ነኝ እንጂ አርክቴክት አይደለሁም፤ ግን በዚህ ከተማ የተማርን ሁሉ ጥያቄው ይመለከተናል።

ከሌላ መውሰድ ነውር የለውም። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩም ከባዶ አልተነሡም። እንፍራንዝ አጠገብ ያለው፣ አፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠሩት የሚነገርለት የጉዛራ ግንብም ባለጉልላት ክብ ማማ አለው። በግቢው የአክሱም፣ የሕንድ፣ የዐረብና የፖርቱጋል አሻራ የሚያዩ የታሪክ ሰዎች አሉ። «ፖርቹጋሎች የሠሩት ነው» ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት ግን አይቻልም፤ አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር ያባረሩ ንጉሥ ናቸው እኮ! ከየትም የመጣው ሐሳብ በአገሬው ድንጋይና በኖራ ተዋሕዶ ሌላ ነገር ሆነ። ተከታዮቹ ነገሥታትም ዝም ብለው አልገለበጡትም። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ግንብ በመስቀል ቅርጾች ያጌጠ፣ የራሱ መልክ ያለው ነው።

ችግሩ የሚመጣው መልኩ ተወስዶ ሥሪቱ ሲረሳ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ግንቦቹን በሲሚንቶና በአርማታ ጠገነ። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ግትር ነው፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና ድንጋዩን ከውስጥ ይጎዳል። መግል የያዘ ቁስልን ላዩን ሰፍቶ በሽተኛውን ወደ ቤቱ እንደመላክ ማለት ነው። በኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራው ተመለሱ። የሚገርመው፣ ያው ጣሊያን ፒያሳ ላይ ፖስታ ቤትና ሲኒማ ሲሠራ የፋሲልን ማማ አልለጠፈበትም። የወራሪ ሥራ ቢሆንም በየትኛው ዘመን እንደተሠራ አይዋሽም።

ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ነው። መዝገቡ ብቻውን ግን አይጠብቀውም። ዩኒቨርሲቲያችንም ከተማዋም ገና ብዙ ይገነባሉ። ውስጡ ባዶ የሆነ ማማ ከመጨመራችን በፊት ኖራ ማቡካት የሚያውቁ ግንበኞች ሙያቸውን ለወጣቶች እያስተላለፉ እንደሆነ እንጠይቅ፤ ካልሆነም እንርዳቸው። እነሱ ካሉ ግንቡ ሲታመም የሚያክመው አያጣም። ከሌሉ ግን ነገ የሚተርፈን መልኩ ብቻ ነው።