ስድስት ቀን የቆመው ባቡር

እኛ «በረዶ» ስንል በአብዛኛው ቆርቆሮ የሚደበድበውን የክረምት ጠጠር ማለታችን ነው። ከተራራ ተንዶ ባቡር ጠርጎ የሚወስደውን በረዶ የምንጠራበት ስም ስላልነበረን ከአፈሩ ተውሰን «የበረዶ ናዳ» እንላለን። የዛሬው ወጋችን በአሜሪካ ታሪክ ብዙ ሰው ስለፈጀው ናዳ ነው። ሲያትል ያላችሁ አንባቢዎቻችን ቦታውን ታውቁት ይሆናል፤ ስቲቨንስ ፓስ አጠገብ ነው።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1910 መጨረሻ ከስፖኬን ወደ ሲያትል የሚጓዙ ሁለት ባቡሮች፣ አንዱ የመንገደኛ አንዱ የፖስታ፣ ዌሊንግተን በምትባል ትንሽ የባቡር መንደር ቆሙ። በረዶው ከፊትም ከኋላም ሐዲዱን ቀበረው። ጠራጊ ማሽኖቹ በናዳ መካከል ታገቱ፤ የድንጋይ ከሰላቸውም አለቀ። አካፋ የያዙት የቀን ሠራተኞች «በሰዓት 15 ሳንቲም አነሰን፣ 50 ይሁንልን» ቢሉ የባቡር ኩባንያው ኃላፊ ጄምስ ኦኒል አሻፈረኝ አለ። ሠራተኞቹም ጥለው ሄዱ።

ባቡሮቹ የቆሙት ከገደላማ ተራራ ሥር ነበር፤ ዛፉን ደግሞ ቀደም ሲል እሳት በልቶታል። ናዳውን ሊይዝ የሚችል ነገር የለም ማለት ነው። መንገደኞቹ ይህን አይተው «ወደ ዋሻው መልሱን» ብለው ለመኑ። 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ እዚያው አጠገባቸው ነበር። ኃላፊዎቹ ግን ዋሻው ጨለማና ብርድ ነው፣ የባቡሩ ጭስ ሰው ያፍናል አሉ። እውነቱን እንናገር፣ መልሱ ሞኝነት አልነበረም። እኛም በዚያች ሰዓት ብንኖር ጭሱን እንፈራ ነበር። ጥቂት መንገደኞች ግን አልጠበቁም፤ በረዶውን እየቦረቦሩ፣ እየተንሸራተቱ በእግራቸው ወርደው ተረፉ።

ከቀናት በረዶ በኋላ አየሩ ሞቅ አለና ዝናብ ጣለ። እርጥብ በረዶ ይከብዳል፤ ከሥሩ ካለው ጋር የያዘው ነገርም ይላላል። መጋቢት 1 ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ መብረቅና ነጎድጓድ ባለበት፣ ተራራው ለቀቀ። ሁለቱን ባቡሮች ከነተኙት ሰዎች ወደ ወንዙ ሸለቆ ጣላቸው። 96 ሰው ሞተ፤ ከግማሽ የሚበልጡት የባቡር ሠራተኞች ነበሩ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ኩባንያውን ነጻ አደረገው። በረዶውስ የፈጣሪ ይሁን፤ 15 ሳንቲሟ ግን የማን ናት?

ኩባንያው የመንደሯን ስም «ታይ» ብሎ ቀየረ፤ በሐዲዱ ላይም የኮንክሪት መከለያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1929 ደግሞ ዝቅ ብሎ 12 ኪሎ ሜትር ተኩል የሚረዝም አዲስ ዋሻ ተከፈተና የቀድሞው መስመር ተተወ። የመጨረሻዎቹ አስከሬኖች ከበረዶው ሥር የወጡት በ1910 ሐምሌ ነበር።