በመግነጢሳዊ ፕላዝማ ውስጥ የሬዲዮ ሞገዶች ጉዞና ስሌቱ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የመርካቶ ገበያ ከሚሸጡ ዕቃዎች መካከል ሁለቱ፣ ፍሎረሰንት አምፖልና የአጭር ሞገድ ሬዲዮ፣ ፕላዝማ ከተባለው አራተኛው የቁስ አካል ይዞታ ጋር ይገናኛሉ፡፡ በአምፖሉ ውስጥ ያለው ጋዝ በኤሌክትሪክ ኃይል ኤሌክትሮኖቹ ሲላቀቁ ፕላዝማ ይሆናል፡፡ ሬዲዮው ደግሞ የሩቅ አገር ጣቢያ የሚያሰማው የፀሐይ ጨረር በሰማይ ላይ ከፈጠረው ፕላዝማ፣ ማለትም ከአዮኖስፌር፣ ተንጸባርቆ የሚመለስ ሞገድ ሲደርሰው ነው፡፡ የኤፍ ኤም ሞገድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ሰንጥቆ ያልፋል፡፡

ልዩነቱ የሚመነጨው ከኤሌክትሮኖች ብዛት ነው፡፡ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ አንድ ሚሊዮን ነጻ ኤሌክትሮኖች ካሉ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተላከና ከ9 ሜጋኸርዝ በታች የሆነ ሞገድ ተመልሶ ይወርዳል፡፡ ጉዳዩን የሚያወሳስበው የምድር የማግኔት መስክ ነው፡፡ ኤሌክትሮኖች በመስኩ ዙሪያ ስለሚሽከረከሩ አንድ ሞገድ በፕላዝማው ውስጥ ለሁለት ይከፈላል፡፡ በአዲስ አበባ ሰማይ ሽክርክሪቱ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ሲሆን፣ ይህም በመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ክልል ውስጥ የሚወድቅ ነው፡፡

መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ መስኩ በአዲስ አበባ አግድም ለማለት ይቻላል፡፡ በዚህም ምክንያት ወደ ላይ ከሚላከው ሞገድ የኤሌክትሪክ መስኩ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወዛወዘው ክፍል ማግኔቱ እንደሌለ ሆኖ ሲጓዝ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚወዛወዘው ይለያል፡፡ የመጀመሪያው የመንጸባረቅ ወሰን 9 ሜጋኸርዝ ከሆነ የሁለተኛው 9.5 ይሆናል፡፡ ለሰሜን አውሮፓ ሰማይ የተዘጋጀ የተቃለለ ስሌት እዚህ የማይሠራው ለዚህ ነው፡፡ የተሟላው ቀመር እ.ኤ.አ በ1924 የአዮኖስፌርን መኖር በሙከራ ባረጋገጡትና በ1947 የኖቤል ሽልማት ባገኙት በእንግሊዛዊው ኤድዋርድ አፕልተን እንዲሁም በዳግላስ ሃርትሪ ስም ይጠራል፡፡

በቤተ ሙከራ የሚፈጠረው ፕላዝማም በዚያው ሕግ ይገዛል፤ የሚለየው መጠኑ ነው፡፡ በደቡብ ፈረንሣይ በመገንባት ላይ ባለው ኢተር የተሰኘ የኑክሌር ውህደት ማብላያ የማግኔቱ ኃይል 5.3 ቴስላ፣ ማለትም ከአዲስ አበባው 150 ሺህ ጊዜ ገደማ የሚበልጥ እንዲሆን ታቅዷል፡፡ ፕላዝማውን ወደ 150 ሚሊዮን ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ ከሚረዱት ሞገዶች አንዱ 170 ቢሊዮን ኸርዝ ነው፡፡ ሞገዱ አጭር ሲሆን መንገዱን እንደ ብርሃን ጨረር እየተከተሉ ማስላት ይበቃል፡፡ ርዝመቱ ከዕቃው ስፋት ጋር ሲቀራረብ ግን መላውን መስክ በአንድነት ማስላት ግድ ስለሚሆን ኃይለኛ ኮምፒውተር ይጠይቃል፡፡

ኢትዮጵያ በዚህ መስክ እንግዳ አይደለችም፡፡ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ እ.ኤ.አ በ1957-58፣ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ በአባ ፒየር ጉዋን ሲሆን፣ ለመግነጢሳዊው ወገብ ያለው ቅርበት ልዩ ዋጋ ሰጥቶታል፡፡ በወገቡ ላይ በ100 እና በ110 ኪሎ ሜትር ከፍታ መካከል ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ፤ የከተማዋ ማግኔት መለኪያዎች የዕለት ለውጡን ይመዘግባሉ፡፡

ስሌቱ ለመሥሪያ ቤቶችም ቅርብ ነው፡፡ የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ ሲግናል በዚሁ ፕላዝማ ውስጥ ሲያልፍ ይዘገያል፡፡ ፀሐይ በምትበረታባቸው ዓመታት ከሰዓት በኋላ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ እርማት ካልተደረገለት ከሳተላይቱ ያለውን ርቀት 10 ሜትር ያህል ሊያሳስት ይችላል፡፡ ሱቅ ከሱቅ በግድግዳ በሚዋሰንበት መርካቶ ይህ የአንዱን ይዞታ በጎረቤቱ ላይ ማሳረፍ ማለት ነው፡፡ ሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚቀበለው መሣሪያ የሁለቱን መዘግየት አነጻጽሮ አብዛኛውን ስሕተት ያስወግዳል፡፡ ይሁንና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በወገቡ አካባቢ የሚነሡት የፕላዝማ አረፋዎች ሲግናሉን ስለሚያናውጡት ለእርሱም አስቸጋሪ ናቸው፡፡