ለመጀመሪያ ጊዜ ፓስፖርት ለምታወጡ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ስማችሁንና የልደት ቀናችሁን አረጋግጡ

በውስጥ መስመር በብዛት ከሚደርሱን ጥያቄዎች አንዱ «ፓስፖርት ለማውጣት ምን ምን ያስፈልጋል?» የሚለው ነው። አጭሩ መልስ ሁለት መስመር አይሞላም፦ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ጊዜው ያላለፈ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፋይዳ እና የአገልግሎት ክፍያ። ሌላው ጥያቄ የሚመጣው ፓስፖርቱ ከወጣ በኋላ ነው፤ «ስሜ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል፣ ምን ላድርግ?» ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ይህንን ሁለተኛውን ጥያቄ እንዳትጠይቁን ነው።

መጀመሪያ አካሄዱን በአጭሩ እንየው። ፓስፖርት የሚሰጠው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ብቻ ነው። ማመልከቻው የሚጀምረው በተቋሙ ድረ ገጽ ነው፣ በስልክም ይሠራል። ፎርሙን ትሞላላችሁ፣ ሰነዶቻችሁን አንስታችሁ ትጭናላችሁ፣ የምትቀርቡበትን ቢሮና ቀን ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ ትከፍላላችሁ። በቀጠሯችሁ ቀን በአካል ቀርባችሁ አሻራ ትሰጣላችሁ፣ ፎቶም እዚያው ትነሳላችሁ። ለዚህ ሁሉም ሰው አዲስ አበባ መምጣት የለበትም፤ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ ጅማ፣ ደሴና ሌሎች ከተሞች ላይ ቅርንጫፎች አሉ። ፎርሙ ላይ ቢሮ ስትመርጡ ተጠንቀቁ፤ በችኮላ ሌላ ከተማ መርጠው የተቸገሩ አሉ።

ስማችሁ

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ነው። ፓስፖርት ላይ ስም የሚጻፈው እስከ አያት ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደልም ይጻፋል። የእኛ ስሞች ደግሞ በእንግሊዝኛ አንድ ወጥ አጻጻፍ የላቸውም። «መሐመድ» የሚለውን ስም አስቡት፦ በ«ኦ» ወይስ በ«ዩ»? «ኤም» አንድ ወይስ ሁለት? መጨረሻው «ኢዲ» ነው ወይስ «ኤዲ»? «ፀሐይ»ን አንዱ በ«ቲ ኤስ» ይጀምራል፣ ሌላው በ«ቲ» ብቻ። «ቅድስት»ም በ«ኬ» ይጻፋል፣ በ«ኪው»ም ይጻፋል። ሁሉም ልክ ነው፣ ችግሩ ግን አየር መንገዱም፣ ኤምባሲውም፣ ዩኒቨርሲቲውም የሚያዩት ድምፁን ሳይሆን ፊደሉን ነው።

ከመካከላችን አንዷ ይህን በራሷ አይታዋለች። ዲግሪዋ ላይ የአባቷ ስም በአንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቷ ላይ በሌላ ዓይነት ተጽፎ ነበር። ልዩነቱ አንድ ፊደል ነው። ለስኮላርሺፕ ስታመለክት «የሁለቱ ሰነዶች ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን አረጋግጪ» ተባለች፤ የመጨረሻው ቀን እየቀረበባት ወረዳ፣ ፍርድ ቤት፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ስትል ከረመች። ፎርሙን ኢንተርኔት ቤት የሞላላት ልጅ «በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የምትጽፊው?» ብሎ አልጠየቃትም፣ እሷም አላየችውም።

ስለዚህ ፎርሙን ከመክፈታችሁ በፊት ያሏችሁን ወረቀቶች በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቷቸው፦ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፋይዳ ካርድ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስም ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። ልዩነት ካለ ፓስፖርቱን ትታችሁ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ትምህርታችሁን ይዛችሁ ውጭ የመሄድ ሐሳብ ካላችሁ፣ የእኛ ምክር የልደት ምስክር ወረቀቱና ፋይዳው ከትምህርት ማስረጃው ጋር እንዲመሳሰሉ ማድረግ ነው። ሁለቱን ማሳረም ትራንስክሪፕት ከማሳረም ይቀላል።

ጥምር ስም ያላችሁ ደግሞ ለብቻ አንብቡት። «ገብረ ሥላሴ»፣ «ወልደ ማርያም»፣ «ተክለ ሃይማኖት» በእንግሊዝኛ ለሁለት ተከፍለው ሲጻፉ ፎርሙን የሚያየው ሰው «ገብረ»ን ስም፣ «ሥላሴ»ን የአባት ስም አድርጎ ሊወስደው ይችላል። አንድ ላይ ገጥማችሁ ጻፉትና ሁሉም ሰነድ ላይ እንደዚያው ይሁን።

የአያት ስም ላይም አትቀልዱ። እኛ አገር ማንም በአያቱ ስም አይጠራም፤ ውጭ አገር ግን መጨረሻ ላይ ያለው ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይቆጠራል። የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጡም የሚጠየቀው እሱ ነው።

የልደት ቀን

ፓስፖርት ላይ የሚወጣው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «8 ዓመት ጨምርበት» የሚለው የሰፈር ስሌት ለሁሉም አይሠራም። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ ሰው ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት ይሆናል። ለምሳሌ ኅዳር 1995 የተወለደ ሰው በፈረንጅ 2002 ነው፤ ታኅሣሥ 29 ቀን 1995፣ ማለትም በገና ዕለት የተወለደ ግን ጃንዋሪ 7 ቀን 2003 ይሆናል። ወሩና ቀኑም አብሮ ይቀየራል፤ ዓመቱን ብቻ ቀይረው «29»ን እንዳለ የሚተዉ አሉ። በስልካችሁ የቀን መቀየሪያ አፕ አሰሉት፣ ከዚያ የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ካለው የፈረንጅ ቀን ጋር አመሳክሩት።

አሁን ከበድ ወዳለው እንምጣ። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ለመሄድ ሕጉ 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል። ደላሎች 15 እና 16 ዓመት ለሆናቸው ልጆች ዕድሜ ጨምረው፣ አንዳንዴም ስም ቀይረው የልደት ወረቀት እንደሚያስወጡ የማያውቅ የለም። «ቆይተሽ ታስተካክዪዋለሽ» ይሏታል። አትችልም፤ ቢያንስ በቀላሉ አትችልም። አሻራዋ ከዚያ ስምና ከዚያ ዕድሜ ጋር ተያይዟል። ተመልሳ በእውነተኛ ስሟ ፓስፖርት ላውጣ ስትል አሻራዋ የቀድሞውን ስም ያመጣዋል። ከዚህ የባሰውም አለ፦ እዚያ ሆና ብትታመም ወይም ብትታሰር ኤምባሲው ቤተሰቧን የሚፈልገው ፓስፖርቱ ላይ ባለው ስም ነው። በዚያ ስም ደግሞ መንደሯ ውስጥ ማንም አያውቃትም። ታናሽ እህት ያላችሁ ይህችን አንቀጽ ላኩላት።

ክፍያና ደላላ

ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ታሪፍ መደበኛ አዲስ ፓስፖርት 5,000 ብር ነው፤ ከዚያ በፊት 2,000 ነበር። አስቸኳይ ከሆነ በአምስት ቀን 20,000፣ በሁለት ቀን 25,000 ብር። ሲስተሙ የሚያሳያችሁን መጠን አይታችሁ በዚያው ቁጥር ክፈሉ። በግለሰብ አካውንት ወይም በሰው የቴሌብር ቁጥር «ላክልኝ» የሚላችሁ ሁሉ ደላላ ነው። ቴሌግራም ላይ የመንግሥት ዓርማ ለጥፎ «ቀጠሮ እናፈጥናለን» የሚለውም ያው ነው። የልደት ወረቀታችሁንና የፋይዳ ቁጥራችሁን ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ስትልኩ ከገንዘቡ በላይ ነው የሰጣችሁት። ፋይዳ መመዝገብ ራሱ በነፃ ነው፤ ለእሱ የሚያስከፍላችሁ ካለ አትክፈሉ።

ከፍላችሁ ስትጨርሱ የማመልከቻ ቁጥሩን ስክሪንሹት አንሱ፣ ወረቀት ላይም ጻፉት። ስልክ ይሰረቃል።

የቀጠሮው ቀን

ኮፒ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ዋናዎቹን ያዙ። በጠዋት ድረሱ፤ ወረፋው ይታወቃል። ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ ወላጅ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ መታወቂያውን ይዞ አብሯችሁ መምጣት አለበት።

ዋናው ነገር አሻራ ስትሰጡ ነው። ባለሙያው መረጃችሁን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶታል። «ይቅርታ፣ ስሜን አንዴ ላየው?» በሉ። አትፈሩ፣ ከኋላችሁ ያለው ሰውም ቢያጉረመርም ያጉረምርም። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስም፣ ቀኑን፣ ጾታውን፣ የትውልድ ቦታውን አንድ በአንድ እዩ። በዚያች ደቂቃ ስህተትን መናገር ነፃ ነው። ፓስፖርቱ ከታተመ በኋላ ማሳረም የራሱ ክፍያና የራሱ ቀጠሮ አለው።

ፓስፖርቱን ስትቀበሉም ያንኑ ድገሙት። መጀመሪያ ፎቶ አንስታችሁ ስቶሪ ላይ አትልቀቁት (ቁጥሩና የልደት ቀናችሁ እዚያ ላይ ነው)፤ ገጹን ከፍታችሁ አንብቡ። የማይመስል ነገር ካያችሁ ከመስኮቱ ሳትርቁ እዚያው ተናገሩ።