የታሰሩት ዘማሪ፣ ያልታሰረው ዝማሬ

በአንድ የአዲስ አበባ አዳራሽ የዝማሬ ምሽት ላይ ነበርን። አንጋፋው ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ፣ ብዙዎቻችን «ጋሽ ተስፋዬ» የምንላቸው፣ ወደ መድረክ ሲወጡ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሣ። ሙዚቃው ገና መግቢያውን ሲጫወት፣ ዘማሪው አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ጉባኤው መዝሙሩን ተቀብሎ ጀመረ። ከአጠገባችን የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው እያለቀሱ ይዘምራሉ። ከፊታችን ያሉት ወጣቶች ደግሞ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይቀርጻሉ።

ከወጣቶቹ አንዱ ዘወር ብሎ፣ «ፓስተር፣ ይህን ሁሉ መዝሙር ሳታነቡ የት አጠናችሁት?» አለን። በዚያ ድምፅ መካከል መመለስ አልቻልንም፤ ፈገግ ብለን አለፍነው። ጥያቄው ግን ቤት ድረስ ተከተለን። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ የዘገየ መልስ ነው።

በአገራችን የወንጌል አማኞች ለረጅም ጊዜ የዘመሩት በአብዛኛው ሚስዮናውያን ይዘዋቸው የመጡትን የተተረጎሙ መዝሙሮች ነበር። ቃሉ የእኛ ሆነ፤ ዜማው ግን የሌላ አገር ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ በወጣቶችና በተማሪዎች መካከል መነቃቃት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ወጣቶች ከራሳቸው ልብ የወጣውን ጸሎትና ምስክርነት፣ እንደ ትዝታና አምባሰል ባሉት ቅኝቶቻችን፣ ጆሯችን በለመደው ዜማ መዘመር ጀመሩ። ጊታርና አኮርዲዮን የያዙ መዘምራን በየአጥቢያው ተነሡ። ከደቡብ ኢትዮጵያ የወጡት ጋሽ ተስፋዬም የዚህ ትውልድ ልጅ ናቸው።

ያ ትውልድ ግን ብዙ ሳይዘምር አፉን እንዲዘጋ ታዘዘ። ገና በንጉሡ ዘመን፣ በ1964 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ለአምልኮ የተሰበሰቡ በርካታ የሙሉ ወንጌል አማኞች ተይዘው ታሰሩ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ሲይዝ አባቶቻችን የሃይማኖት እኩልነት ይመጣል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ብዙም ሳይቆይ «መጤ ሃይማኖት» የሚለው ስም ተለጠፈብን። በየስብሰባው ግራ እጅን አንሥቶ መፈክር ማሰማት የታማኝነት መለኪያ ሆነ፤ አብዮቱን ከሁሉም በላይ ማድረግ ሕሊናቸው ያልፈቀደላቸው አማኞች ተደበደቡ፣ ታሰሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿም ታሰሩ። ጋሽ ተስፋዬም በዚያ ዘመን ስለ እምነታቸው ሰባት ዓመት በእስር ቤት አሳለፉ።

እኛ ያኔ ልጆች ነበርን። ቤታችን ውስጥ አንዲት ትንሽ ቴፕ ነበረች። መዝሙሩ የሚመጣው በካሴት ነው፤ ካሴቱም ከሱቅ አይገዛም። አንዱ ቤተሰብ ከሌላው ይቀዳል፣ ያም ለሦስተኛው ያቀብላል። የቅጂ ቅጂ በመሆኑ ከዝማሬው በፊት የሚሰማው ሹሹታ ነው። በላዩ ላይ የሚጻፈው ደግሞ የዘፋኝ ስም ነበር፤ ድንገት ቤት ቢፈተሽ እንዳይታወቅ። ክሩ ሲላላ በእስክሪብቶ እናጠነጥነዋለን። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ድምፁ እየተጎተተ ሲወፍር፣ ያኔ ወጣት የነበሩት ዘማሪ በእኛ ቤት ገና ድሮ ሽማግሌ ሆነው ነበር።

መስኮቱ ተዘግቶ፣ መጋረጃው ተጋርዶ፣ ድምፁ ተቀንሶ እንሰማለን። አምስት ስድስት ሰው ለጸሎት ሲሰበሰብ እኛም በሹክሹክታ እንዘምራለን። ማጨብጨብ ስለማይቻል በሁለት ጣት መዳፋችንን እንመታለን። አንድ ምሽት እናታችን ወደ ቴፑ እያመለከተች፣ «ይህ የምትሰሙት ልጅ እኮ እስር ቤት ነው» አለችን። ነገሩ አልገባንም። ሰውዬው እስር ቤት ከሆነ እዚህ ክፍላችን ውስጥ እንዴት ይዘምራል?

መልሱን ያገኘነው ብዙ ዓመት ቆይተን፣ የሥነ መለኮት ኮሌጅ ወንበር ላይ ሳይሆን እየኖርን ነው። ጳውሎስ በሰንሰለት ታስሮ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እርሱ እንደ ወንጀለኛ ቢታሰርም የእግዚአብሔር ቃል ግን እንደማይታሰር ነግሮታል (2ጢሞ. 2፥9)። በፊልጵስዩስ እስር ቤትም እርሱና ሲላስ በእኩለ ሌሊት ሲዘምሩ ሌሎቹ እስረኞች ያደምጧቸው ነበር (ሐዋ. 16፥25)። ልብ እንበል፤ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ሳለ ዝማሬው ግን ከክፍል ወደ ክፍል ይሄዳል። የእኛም ታሪክ ይኸው ነው። ዘማሪው ታሰሩ፤ ዝማሬው ግን ከቤት ወደ ቤት፣ ከአውራጃ ወደ አውራጃ ሄደ።

የሄደውም ለማጽናናት ብቻ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ተዘግቶ፣ መጋቢዎች ታስረው፣ መጽሐፍ ቅዱስ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ብዙ ሰው ስለ መከራ፣ ስለ ጸጋና ስለ ጌታ መምጣት የተማረው ከመዝሙር ነው። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ትምህርታቸውን በዜማ ይዘው ለልጆቻቸው አቀበሉ። በኢትዮጵያ በሚስዮናዊነት ያገለገሉት ሊላ ባሊስኪ በጋሽ ተስፋዬ መዝሙሮች ላይ ጥናት ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ ያሳተሙት ያለ ምክንያት አይደለም። በእነዚያ መዝሙሮች ውስጥ የአንድ ሕዝብ ሥነ መለኮት አለ።

ፍሬውንም አየነው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ አባላቷ ወደ 5,000 ይጠጉ ነበር። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ ምእመናን ከየቤቱ ወጥተው ሲቆጠሩ 34,000 ያህል ሆነው ተገኙ። በሹክሹክታ የዘመረች ቤተ ክርስቲያን እንዲህ በዛች።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ የምንናዘዘው አለንና። ነጻነት ሲመጣ ኪቦርድ መጣ፣ ስቱዲዮ መጣ፣ አዳዲስ ዘማሪዎች በየዓመቱ ተነሡ። ይህ ሁሉ በረከት ነው። እኛ አገልጋዮች ግን በመካከሉ አንድ ነገር ጣልን። እነዚያን መዝሙሮች «የድሮ» ብለን ከአምልኮ ፕሮግራማችን አወጣናቸው። ወጣቱ አይወዳቸውም አልን። እውነቱ ግን ወጣቱ አልጠላቸውም፤ ዋጋቸውን ሳንነግረው ቀረን እንጂ። ከኢያሱ በኋላ እግዚአብሔር ያደረገውን የማያውቅ ትውልድ የተነሣው (መሳ. 2፥10) ልጆቹ ክፉ ሆነው ስለተወለዱ ብቻ ይመስለናል? የሚነግራቸው ጠፍቶስ እንደሆነ?

በዚያ ምሽት አዳራሹ ውስጥ ቆመን ያስተዋልነው ይህን ነው። አብረውን የሚዘምሩት ሸበቶዎች እነዚህን መዝሙሮች የተማሩት ድምፃቸውን አፍነው ነበር። አሁን በሙሉ ጉሮሯቸው፣ እጃቸውን እያጨበጨቡ፣ መስኮት ሳይዘጉ ይዘምራሉ። ያች እናት ያለቀሱት ናፍቆት ይዟቸው ብቻ አይመስለንም። ድምፁን በካሴት ሰምተው «ጌታ ሆይ፣ ጠብቀው» ብለው የጸለዩለት ልጅ ይኸው ሸምግሎ ፊታቸው ቆሟል። ጸሎታቸው ሲመለስ በዓይናቸው እያዩ ነበር።

ስለዚህ የአንጋፋ ዘማሪ ኮንሰርት ስንሄድ ሰውን ልናነግሥ አንሄድም። ጋሽ ተስፋዬን ያኖራቸው ያው የዘመሩለት ጌታ ነው። ከእርሳቸውም ጋር ስማቸው በየትኛውም ፖስተር ላይ የማይጻፍ ብዙዎች አሉ፤ ካሴቱን የቀዱ፣ በጉያቸው ይዘው ያደረሱ፣ ቤታቸውን ለጸሎት የከፈቱ። መዝሙረኛው እስከ ሽምግልናና እስከ ሽበት የለመነው አንድ ነገር ነበር፤ የእግዚአብሔርን ኃይል ለሚመጣው ትውልድ ሁሉ እስኪናገር ድረስ እንዳይተወው (መዝ. 71፥18)። ያ ልመና የእኛም ይሁን።

አንተ ወጣት ወንድማችን፣ አንቺም እኅታችን፣ በዚህ ሳምንት ከአጥቢያችሁ አንድ አዛውንት አጠገብ ተቀመጡና፣ «በዚያ ዘመን ያቆመዎት መዝሙር የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ አብራችሁ ዘምሩት። ድምፃችሁንም ከፍ አድርጉ፤ በሹክሹክታ የዘመሩት ለእናንተ ጭምር ነውና።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።