የደም ሥር ካኑላ

የደም ሥር ካኑላ በእጅ፣ በክንድ ወይም አንዳንዴ በእግር ላይ ባለ ደም መላሽ ሥር ውስጥ የሚገባ አጭርና ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ፈሳሽ፣ መድኃኒትና ደም በቀጥታ ወደ ደም ዝውውር ለማድረስ ያገለግላል። ሰዎች «ግሉኮስ ተሰቀለልኝ» ሲሉ ፈሳሹ የሚያልፈው በዚህ ቱቦ ነው፤ የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ሥራውን «ላይን መክፈት» ይሉታል። ቱቦውን ማስገባት ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሲሆን፣ እንክብካቤው ግን ካኑላው እስኪወጣ ድረስ በየፈረቃው የሚቀጥል የነርስ ኃላፊነት ነው። ካኑላ ቆዳን በስቶ ስለሚያልፍ ቸል ከተባለ ለጀርም በር ይሆናል።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1832 ቶማስ ላታ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም የሰውነታቸው ውኃ ላለቀ የኮሌራ ሕሙማን የጨው ውኃ በደም ሥር ሰጠ። በ1880ዎቹ እንግሊዛዊው ሲድኒ ሪንገር በስሙ የሚጠራውን ፈሳሽ አዘጋጀ፤ በ1930ዎቹ አሜሪካዊው አሌክሲስ ሃርትማን ላክቴት ጨመረበት። ለረጅም ጊዜ የብረት መርፌው ራሱ በሥሩ ውስጥ ይቆይ ስለነበር በሽተኛው ሲንቀሳቀስ ሥሩን ይበሳው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ዴቪድ ማሳ በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ መርፌው ሲወጣ ፕላስቲኩ ብቻ የሚቀርበትን ካኑላ ሠራ። የዛሬው ካኑላም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

መቼ ያስፈልጋል

በሽተኛው መዋጥ ካልቻለ፣ ብዙ ደም ወይም ውኃ ካጣ፣ ወይም መድኃኒቱ በአፍ የማይሰጥ ከሆነ ካኑላ ይገባል። መጠጣት ለሚችል ሰው ግን ብርታት ለመስጠት ተብሎ አይገባም፤ አንድ ሊትር 5% ግሉኮስ የሚይዘው 50 ግራም ስኳር ብቻ ነው።

ውሳኔው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በሁለት ሁኔታዎች ይታያል። በኮሌራ (አተት) ክፉኛ ውኃ ያጣ ሰው ሕይወቱ በፍጥነት በሚገባ ፈሳሽ ላይ ይመሠረታል። ዕድሜው 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሕመምተኛ በኪሎ ክብደት 30 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት በ30 ደቂቃ፣ ቀጥሎም 70 ሚሊ ሊትር በ2 ሰዓት ተኩል ይሰጣል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ያው መጠን በ1 ሰዓትና በ5 ሰዓት ይከፈላል። መጠጣት እንደቻለም ኦ.አር.ኤስ ይጀመርለታል።

በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ጉዳይ ግን የተለየ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ባቲ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ከትልልቆቹ የእርዳታ ጣቢያዎች አንዷ ነበረች፤ ወደ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች የሚመጡ ሕፃናት ብዙዎቹ እንዲህ የተጎዱ ነበሩ። የተጎዳ ልብ በአንድ ጊዜ የገባ ብዙ ፈሳሽ መሸከም ስለማይችል ሕፃኑ በልብ ድካም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ሕፃን ፈሳሽ በደም ሥር የሚሰጠው ሾክ ውስጥ ከገባ ብቻ ነው፤ እሱም በኪሎ 15 ሚሊ ሊትር በ1 ሰዓት፣ ትንፋሹና የልብ ምቱ እየታየ። ከዚህ ውጭ በአፍ ወይም በአፍንጫ ቱቦ ይሰጠዋል።

መጠኖች

የካኑላ ውፍረት በጌጅ ይለካል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቱቦው ይቀጥናል። ቀለሞቹ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተመሳሳይ ናቸው።

• 14 (ብርቱካናማ) እና 16 (ግራጫ)፦ ለከባድ አደጋና ለትልቅ ቀዶ ሕክምና
• 18 (አረንጓዴ)፦ ደምና ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት ለመስጠት
• 20 (ሮዝ)፦ ለአብዛኞቹ አዋቂዎች
• 22 (ሰማያዊ)፦ ለልጆችና ቀጭን ሥር ላላቸው
• 24 (ቢጫ)፦ ለጨቅላ ሕፃናት

ለሥራው የሚበቃው ትንሹ ካኑላ ይመረጣል። በቀጭን ካኑላ ዙሪያ ደም እንደ ልብ ስለሚያልፍ ሥሩ አይቆጣም።

አገባብ

1. ነርሷ እጇን ትታጠባለች፣ የበሽተኛውን ስም ታረጋግጣለች፣ የምትሠራውን በሚገባው ቋንቋ ነግራ ፈቃዱን ትጠይቃለች። ኦሮምኛ፣ አማርኛና አፋርኛ በሚነገርባት ባቲ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የተነገረው ያልገባው በሽተኛ ቆይቶ ሕመም ሲሰማው ላይናገር ይችላል።
2. ከተቻለ በማይሠራበት እጅ ላይ ቀጥ ያለና ሲነካ የሚለጠጥ ሥር ትመርጣለች። መገጣጠሚያ፣ ቁስልና ያበጠ ቦታ ይታለፋል።
3. ማሰሪያውን (ቱርኒኬት) ከቦታው ከፍ አድርጋ ታስራለች፤ ጓንት ታጠልቃለች።
4. ቆዳውን በአልኮል ወይም ክሎርሄክሲዲን ባለበት አልኮል 30 ሰከንድ ያህል ታሻለች፤ በራሱ እስኪደርቅ ትጠብቃለች። ከዚህ በኋላ ቦታው በጣት አይነካም።
5. ቆዳውን ወጠር አድርጋ ይዛ፣ የመርፌውን አፍ ወደ ላይ አዙራ ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ዘንበል አድርጋ ታስገባለች።
6. በካኑላው ጀርባ ደም ሲታይ መርፌውን ዝቅ አድርጋ ፕላስቲኩን ብቻ ወደፊት ትገፋለች።
7. ማሰሪያውን ትፈታለች፣ ሥሩን ከላይ ተጭና መርፌውን ታወጣለች፣ ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ትጥላለች። የወጣ መርፌ ተመልሶ ወደ ካኑላው አይገባም፤ ፕላስቲኩን ቆርጦ በደም ውስጥ ሊያስቀረው ይችላል።
8. በኖርማል ሳላይን አጥባ መሥራቱን ታረጋግጣለች፣ በፕላስተር አጽንታ ቀንና ሰዓት ትጽፍበታለች።

አንድ ባለሙያ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ካልተሳካለት ሌላ ሰው ይጠራል።

እንክብካቤ

ካኑላው ቢያንስ በየፈረቃው ይታያል፤ ከመድኃኒት በፊትና በኋላ በሳላይን ይታጠባል፤ መክፈቻው ከመነካቱ በፊት በአልኮል ይታሻል። የረጠበ ወይም የላላ ፕላስተር ይቀየራል፤ በቆላ አካባቢ ላብ ቶሎ ያላቅቀዋል።

ዋና ዋናዎቹ ችግሮች፦

• የደም ሥር ብግነት፦ ሕመም፣ ሙቀት፣ እንደ ገመድ የጠነከረ ሥር። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ በቀላሉ ስለማይታይ በእጅ መዳሰስና መጠየቅ ያስፈልጋል።
• መፍሰስ፦ ፈሳሹ ከሥሩ ወጥቶ ቦታው ያብጣል፣ ይቀዘቅዛል። 40% ግሉኮስና ካልሲየም ከፈሰሱ ሥጋ ሊገድሉ ይችላሉ።
• ኢንፌክሽን፦ መግል፣ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት።

ቀደም ሲል ካኑላ በየ72 እስከ 96 ሰዓቱ መቀየሩ የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት ላይ የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ምልክት ሲታይ ብቻ መቀየር ብግነትን እንደማያበዛ አሳየ፤ ለዚህ ግን ቦታው ሳይሰለች መታየት አለበት። በአስቸኳይ ጊዜ ንጽሕናው ሳይሟላ የገባ ካኑላ በ48 ሰዓት ውስጥ ይቀየራል።

ማውጣትና የአስታማሚ ድርሻ

ሕክምናው በአፍ መቀጠል ከቻለ ካኑላው በዚያው ቀን ይወጣል፤ «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» ተብሎ አይተውም። ከወጣ በኋላ ቦታው በንጹሕ ጥጥ ወይም ጎዝ ይጫናል፣ የቱቦው ጫፍ ሙሉ መሆኑም ይታያል።

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከአልጋው አጠገብ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው አስታማሚ ነው። አስታማሚ የጠብታውን ፍጥነት ራሱ አይለውጥም፤ ማበጥ፣ ሕመም፣ መርጠብ ወይም ትንፋሽ ማጠር ሲያይ ግን ወዲያው ነርስ ይጠራል።