ከጋፋት እስከ ወገል ጤና፦ የምድጃ ሠሪዎችን ዱካ ፍለጋ

ሴባስቶፖል ስለተባለው መድፍ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ምስሉ በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፤ ዋናው ደግሞ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ተጋድሟል። መድፉን ስለወለደው ምድጃና በምድጃው ዙሪያ ስለደከሙት ሰዎች የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህን ጥያቄ በውስጤ የጫረብኝ ቤተ መጻሕፍት አልነበረም፤ የወገል ጤና ገበያ ነው።

በዚያ ገበያ ዳር አንድ ሰው ከአሮጌ በርሜል ቆርቆሮ እየቆረጠ የከሰል ምድጃ ይሠራል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሙያውን ከማን እንደተማረ ጠየቅሁት። «ከአባቴ፤ አባቴም ከአባቱ» አለኝ፤ መዶሻውን ግን አላቆመም። ተሰናብቼው ስነሣ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ «ጌታው፣ ብዙ አይጠጉት፤ ጠይብ እኮ ነው» ሲሉ በጆሮዬ አንሾካሾኩ። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ከዚያው ሰው የገዙትን ምድጃ በብብታቸው ይዘው ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ የጋፋትን ታሪክ በሌላ ዓይን ማንበብ ጀመርሁ።

ጋፋት ከደብረ ታቦር አቅራቢያ የምትገኝ መንደር ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎች በዚያ አስፍረው፣ ከስብከቱ ይልቅ ጠመንጃ እንዲጠግኑ፣ መንገድ እንዲሠሩ፣ በመጨረሻም መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዟቸው። ዋልድማየርና ሳልሙለር ከእነዚህ ነበሩ፤ ከፖላንድ የመጣው ብረት አቅላጭ ሞሪትዝ ሃልም አብሯቸው ሠርቷል። ሰዎቹ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ግዙፍ መድፍ ሠርተው አያውቁም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን እንደገና ሞክሩ አሉ። ከተደጋጋሚ ድካም በኋላ፣ በ1859 ዓ.ም. ገደማ፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተቀልጦ ወጣ።

መድፉ መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመረ። መቅደላ እስኪደርስ ወደ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ከዋድላ ሜዳ ወደ ጅጣ ሸለቆ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ወርዶ፣ እንደገና ወደ ደላንታ ሜዳ መውጣት ነበረበት። መንገድ አልነበረምና ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ ገደሉ እየተናደ ጠመዝማዛ ጎዳና ተሠራ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። መድፉን በገመድ የጎተቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። የሚያሳዝነው፣ ቴዎድሮስ ለመድፋቸው የጠረጉት መንገድ ብዙም ሳይቆይ ለጄኔራል ናፒየር ሠራዊት መረማመጃ ሆነ። ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ላይ ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸውን ሠዉ።

ከዚያ በኋላ የምድጃው ሠሪዎች የት ደረሱ? የአውሮፓውያኑን ዱካ መከተል አይከብድም። ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬም አለ። የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታልም በዚያው አገር መሠረተ። ሞሪትዝ ሃል ከኢትዮጵያዊት እናት ከተወለደች ባለቤቱ ጋር ያፋ ሰፈረ። በመቅደላው ውድቀት ሰሞን የተወለደችው ልጃቸው ማግዳሌና፣ የስመ ጥሩው ተዋናይ የፒተር ኡስቲኖቭ አያት ለመሆን በቃች። መጽሐፍ ጽፈዋል፣ ተጽፎላቸዋልም፤ የልጅ ልጆቻቸውም ይታወቃሉ።

የእኛዎቹስ? ከሰሉን ያከሰለው፣ ወናፉን የነፋው፣ ጭቃውን ያቦካው፣ ቅርጹን የሞረደው ኢትዮጵያዊ ማን ይባል ነበር? በጋፋት ከውጭዎቹ ጋር ሲሠሩ ሙያ የቀሰሙ ወጣቶች ነበሩ። የገዛ አገራቸውን አፈር፣ እንጨትና ብረት ጠንቅቀው የሚያውቁ ባለ እጆችም አልጠፉም። የታሪክ መጻሕፍታችን ግን የንጉሡን ስም፣ የነጮቹን ስምና የመድፉን ስም እንጂ የእነርሱን ስም አላቆዩልንም። መድፍ እንኳ ስም ወጥቶለት፣ ሠሪው ያለ ስም ቀረ!

ይህ እንዲሁ የሆነ አይመስለኝም። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን የሠራልንን ሰው ቡዳ እያልን፣ ሸክላ ምጣዱንና ጀበናውን የሠራችልንን ሴት በጋብቻ እያገለልን የኖርን ሕዝብ ነን። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ የወገል ጤናው ሽማግሌ ሹክሹክታ ግን አልቆመም። እኔም ብሆን በዚያች ቅጽበት መልስ ሳልሰጣቸው፣ አንገቴን ነቅንቄ ማለፌን ዛሬም አልረሳውም። የተማረ ሰው ዝምታም የዚሁ ታሪክ አካል ነው።

ፖለቲከኞቻችን ስለ ኢንዱስትሪ ሲናገሩ ቴዎድሮስን መጥቀስ ይወዳሉ። ነገር ግን ኢንዱስትሪ በሐውልት አይጀመርም፤ እሳት አጠገብ ከሚቀመጠው ሰው ክብር ይጀምራል። ጋፋት ሲጎበኝ፣ የጅጣ ቁልቁለት ሲታይ፣ መቅደላ ሲወጣ፣ አስጎብኚው ስለ ንጉሡ ከተናገረ በኋላ ስለ ወናፍ ነፊውም አንድ ቃል ይበል። በየትምህርት ቤቱም መምህሩ ልጆቹን፣ «በሰፈራችሁ ምድጃ የሚሠራው ማን ነው? ከማንስ ተማረ?» ብሎ ጠይቆ ስሙን ያስጽፍ። የጋፋቶቹ ስም አምልጦናል፤ የወገል ጤናው ሰው ግን ዛሬም እየቀጠቀጠ ነው።