የአንድ ቀን ሰማይ፤ ኦክስፎርድ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1666

የዕለት የአየር ጠባይ መዝገብ ለታሪክ ምን ይረባል? የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ የእንግሊዝን አገር የመጸው መግቢያ በምሳሌነት እናቀርባለን።

በአውሮፓ አቈጣጠር ሴፕቴምበር 2 ቀን 1666 ዓ.ም. በለንደን ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት እሳት ተነሣ። ዝናብ ጠፍቶ እንጨቱ ደርቆ ነበርና ብርቱ የምሥራቅ ነፋስ ቃጠሎውን እያባሰው 13,200 ያህል ቤቶች ጠፉ።

ኋላ በፍልስፍና የታወቀው ጆን ሎክ በኦክስፎርድ ኾኖ ከጁን 24 ቀን ጀምሮ ሙቀቱን፣ የአየሩን ክብደትና ነፋሱን ይመዘግብ ነበር። ሴፕቴምበር 4 ቀን ደመና ሳይኖር የፀሐይ ብርሃን ደብዝዞ መቅላቱን ጻፈ። የለንደን ወሬ ገና አልተሰማም ነበር፤ ነፋሱ ወደ ምዕራብ የነዳው የከተማይቱ ጢስ መኾኑ የታወቀው በኋላ ነው።

ምክንያቱን ሳያውቅ ያየውን ብቻ የጻፈ ምስክር ለማንም አያደላም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መዝገብ ከዜና መዋዕል ጋራ አብረን ልንመረምረው ይገባናል።